ውሃውን ማን ቀዳው? ከሐመር የወንጌል ጉዞ የተረፈኝ

ይህን ስጽፍ ቅር የሚላቸው ወዳጆች እንዳሉኝ አውቃለሁ። አብረን ሄደን፣ አብረን ዘምረን፣ አብረን ነው የተሳሳትነው። ግን በየዓመቱ ጥር ሲቃረብ "የወንጌል ጉዞ ልንሄድ ነው፣ ምን ልያዝ?" ብለው የሚደውሉልኝ ልጆች እየበዙ መጡ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግም አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ምን እንደምትይዙ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እኛ ምን እንዳበላሸን ስሙኝ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ፣ ከሐዋሳ ወዲያ ሄጄ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር፣ ቡድን ልትልክ ነው ሲባል ቀድሜ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሆንን። ሁለት ወር ሙሉ በየረቡዑ ተገናኝተን ጸለይን። አዳር ጸሎት አደረግን። መዝሙር አጠናን፣ ድራማ ተለማመድን፣ ቲሸርት አሳተምን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን እዚያ ያለውን ወንጌላዊ "መቼ ብንመጣ ይመቻችኋል? ምን እንያዝ?" ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እንደምንመጣ ብቻ ነገርነው። እሱም "እሺ፣ ጌታ ይባርካችሁ፣ ኑ" አለ። ሌላ ምን ይበል?

ጥር ላይ የሄድነው የሁላችንም የዓመት ፈቃድ የገጠመው ያኔ ስለሆነ ነው። ለሐመር ግን ደረቁ ወቅት ነው። ደርሰን ስናይ መንደሩ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። "ወጣቶቹስ?" ስንል ወንጌላዊው በእጁ ወደ ኦሞ ወንዝ አቅጣጫ እያሳየ "ከብት ይዘው ሣር ፍለጋ ወርደዋል" አለን። እኛ የሦስት ቀን የወጣቶች ሥልጠና አዘጋጅተን ነበር። በፓወርፖይንት። መብራት እንደሌለ እንኳ ማንም አላሰበበትም።

ጉዞውን አላስረዝመውም። አርባ ምንጭ አደርን፣ ኮንሶን አልፈን ወደ ወይጦ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፣ በቀይ አፈር በኩል ዲመካ ገባን። ዲመካ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥን፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ከቤተ ክርስቲያን አጽፈን ለወረዳውና ለቀበሌው ቀድመን አላሳወቅንም። ዘጠኝ የማይታወቅ ሰው ጆንያ ጭኖ ሲመጣ ማንም ይጠይቃል። ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ ያዙ፣ የሁላችሁም ስምና የመታወቂያ ቅጂ ይኑርበት፣ ወንጌላዊው ደግሞ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ለቀበሌ ሊቀመንበሩ ይንገር። ከዲመካ በኋላ መኪናው እስከሚችለው ሄደ፣ የቀረውን በእግር።

ጆንያ ካልኩ አይቀር፣ ስድስት ጆንያ ልብስ ይዘን ነበር። ምእመናን በደግነት የሰጡት ነው። ስንፈታው ግማሹ ሹራብና ካፖርት ሆኖ ተገኘ። ጥላ ሥር ተቀምጠን ላብ እያጠመቀን ካፖርት እናከፋፍላለን! ሳቁ ይቅርና ከዚያ የከፋው ሌላ ነበር። ልብሱን የሰጠነው በመጀመሪያ ለአማኞቹ ነው። ሐመሮች የራሳቸው ያማረ አለባበስ አላቸው። ሴቶቹ በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ የፍየል ቆዳ ይለብሳሉ፣ ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር ይሠሩታል። እኛ ሳናውቀው "ጌታን መከተል ማለት ሰልባጅ መልበስ ነው" ብለን ሰበክን። ወንጌላዊው ያንን ሐሳብ ከሰው ልብ ለማውጣት ዓመታት ደክሞ ነበር። በአንድ ከሰዓት መለስነው።

ከረሜላውም እንደዚያው ነው። ሁለተኛው ቀን ላይ አንዷ እህታችን ከረጢት ከፍታ መበተን ጀመረች። ልጆቹ ተረጋገጡ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ወድቃ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ባዩን ቁጥር "ከረሜላ!" ሆነ ሰላምታቸው። በቱሪስት መንገድ ዳር ያሉት ልጆች "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያሉ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲለምኑ አይተን አዝነን ነበር የመጣነው። ለልጆች የሚሰጥ ነገር ካላችሁ ለእናቶች ወይም ለወንጌላዊው ስጡ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ይስጡት። ፎቶም እንዲሁ። ያ አካባቢ ለዓመታት በካሜራ የተማረረ ነው፤ በአንዳንድ መንደር ፎቶ በብር ነው። ስልካችሁን ቢያንስ የመጀመሪያውን ሳምንት ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

አሁን ስለ ስብከቱ ልንገራችሁ። ፕሮግራማችን ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጀምራል ብለን ወሰንን። በዚያ ሰዓት ሴቱ ውሃ ላይ ነው፣ ወይም ድንጋይ ላይ ማሽላ እየፈጨ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ደግሞ የዲመካ ገበያ ስለሆነ መንደሩ ባዶ ነው። ሁለት ጠዋት ለወንጌላዊው ልጆችና ለአንድ ውሻ ዘመርን። በኋላ ወንጌላዊው በትሕትና "ማታ በጨረቃ ቢሆንስ?" አለ። ማታ ሰው መጣ፣ ብዙ ሰው። ቀድሞ ያልተናገረው ስላልጠየቅነው ነው።

የቡድን መሪያችን ጎበዝ ሰባኪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲሰብክ ሰው ይነሣል። እዚያ ግን "ጌታ ሲዳስሰኝ ሸክሜ ተራገፈ" ብሎ አምስት ደቂቃ ሲናገር አስተርጓሚው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሳል። ሦስት ማታ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አስተርጓሚውን ለብቻው አግኝቼ "ትናንት ያን ሁሉ እንዴት በአንድ ቃል ቻልከው?" አልኩት። አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ይህ ሰው ከሩቅ ነው የመጣው፣ ደክሞታል፣ ታገሡት አልኳቸው" አለኝ። እስካሁን ስንገናኝ የምንስቅበት ነው፤ መሪያችንም ጭምር።

ስብከቱ የሠራው አንድ ማታ ብቻ ነው፤ ያውም በአጋጣሚ። ስለጠፋችው በግ ተነገረ። ሁሉም ዝም ብሎ ሰማ። ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው ጠየቁ፦ "ዘጠና ዘጠኙን ለማን ትቶ ነው የሄደው? እዚያ አገር ጅብ የለም?" እኛ ተያየን። በሕይወቴ ስንት ጊዜ የሰማሁት ምሳሌ ነው፣ ይህን ጥያቄ ግን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ወንጌላዊው ራሱ ገብቶ በሐመርኛ መለሰላቸው፣ ሽማግሌውም ተከራከሩ፣ ሌሎቹም ገቡበት። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ እረኛ ተወራ። እኛ አንድም ቃል አልገባንም። ከጉዞው ሁሉ የተሻለችው ማታ ያቺ ናት።

ስለዚህ የምትሰብኩ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን አማርኛችሁን ቤታችሁ ተዉት። "ተነካሁ፣ ተሰበርኩ፣ እሳት ወረደ" አይተረጎምም። ታሪክ ተናገሩ። አጭር ዐረፍተ ነገር ተናግራችሁ ጠብቁ። ከስብከቱ በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሉውን አውሩለት፤ ምን እንደማይሆን እሱ ይነግራችኋል።

አንድ የሚያሳፍረኝን ልጨምር። በአራተኛው ቀን አንድ ቤት ለሾፎሮ ተጠራን። ሾፎሮ የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚጠጣ ነው። የቤቱ ሽማግሌ ቡናውን በአፋቸው ይዘው ወደ ሰዉ እፍ እያሉ መረቁ። ምርቃት ነው። ሐመሮች ሰላሙን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን፣ የከብቱን መርባት ጠቅልለው "ባርጆ" ይሉታል፤ እሱን ነው የለመኑልን። አጠገቤ የነበረው ወንድማችን ደንግጦ ፊቱን በሶፍት ጠረገ። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥታውን ለማፍረስ ብዬ የባሰ ሠራሁ። ከመሄዳችን በፊት ስለ ሚንጊ ሰምተን ነበር፤ በላይኛው ድድ ቀድሞ ጥርስ ያበቀለ ሕፃን የመርገም ምልክት ነው ስለሚባለው ልማድ። በአስተርጓሚው በኩል "እዚህም አለ ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። በመጀመሪያው ቡና፣ በሰው ቤት! አስተርጓሚው አየኝ፣ አልተረጎመውም። እግዚአብሔር ይስጠው። ያ ጉዳይ ወንጌላዊውና ባለቤቱ እናቶችን አንድ በአንድ ይዘው በለሆሳስ ዓመታት የሠሩበት ነው። የእኔ ጥያቄ ቢተረጎም ኖሮ ምን ያህል በር ይዘጋ እንደነበር በኋላ ነው የገባኝ።

ወንጌላዊው የወላይታ ሰው ነው። ሐመር ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ይህ የቆየ መንገድ ነው። በ1929 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የቀሩት ምእመናን 48 ገደማ ነበሩ ይባላል። ሚሲዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። ከእነዚያ መሃል ነው ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኦሞ በእግራቸው የወጡ ወንጌላውያን የተነሡት። ሄዱ፣ ቋንቋ ተማሩ፣ ልጅ ወለዱ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ተቀበሩ። አንድ ማታ ይህን ሲያወራን የመልስ ትኬታችንን ቀን አሰብኩ።

ወደ ውሃው ልምጣ።

ያረፍነው ወንጌላዊው ግቢ ውስጥ፣ በድንኳን ነው። ጠዋት ስንነሣ ዘጠኝ የተሞላ ጀሪካን በር ላይ ተደርድሮ እናገኘዋለን። እንታጠባለን። ማታ አቧራ ስለሆንን ደግመን እንታጠባለን። ቲሸርታችንን እናጥባለን። አንዷ እህታችን ጸጉሯን በየሁለት ቀኑ ትታጠብ ነበር (እኔ ነኝ)። ማታ ማታ ደግሞ በጸሎት ላይ "ለዚህ ሕዝብ የሕይወትን ውሃ ይዘን መጥተናል" እንላለን።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሆዴን አሞኝ ወጣሁ። የወንጌላዊው ባለቤት ጎንበስ ብላ ወደ ግቢው ስትገባ አየኋት። ጀርባዋ ላይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለ። ከኋላዋ የ13 ዓመት ልጇ፣ እሷም ጀሪካን አዝላ። ከእነሱ በኋላ ሁለት የሐመር እህቶች። በጨለማ ነው የወጡት፤ እኛ ሳንነቃ ሁለት ዙር ለመድረስ።

በማግስቱ "አብሬሽ ልሂድ" አልኳት። "ኧረ በስመ አብ፣ እንግዳ!" ብላ ከለከለችኝ፤ ለምኜ ሄድኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ወንዙ ወንዝ አይደለም፤ አሸዋ ነው። ሴቶቹ አሸዋውን በእጅ ቆፍረው እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ፣ ውሃው ከታች ጠብ ጠብ እያለ ሲጠራቀም በቅል ይጨልፋሉ። አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ትጠብቂያለሽ። ወረፋ አለ። ከብትም ይመጣል።

ወረፋው ላይ አንዲት የሐመር ሴት እኔን እያየች አንድ ነገር ተናገረች፣ ሁሉም ሳቁ። "ምን አለች?" አልኩ። የወንጌላዊው ባለቤት ልትነግረኝ አልፈለገችም። ስነዘንዛት፣ "'እነዚህ እንግዶችሽ ሰው ናቸው ወይስ ከብት? ይህን ሁሉ ውሃ ምን ያደርጉታል?' ነው ያለችው" አለችኝ። ራሷም ሳቀች፤ መልሳ ደግሞ አፏን ያዘች።

የሂሳብ ሰው ነኝ አይደል፣ እየተመለስን በጭንቅላቴ ደመርኩት። አንዱን ጀሪካን ለማብሰያ ልተወው። በቀን ስምንት፣ በስምንት ቀን 64 ጀሪካን፣ 1,280 ሊትር። ደርሶ መልሱንና ወረፋውን ለአንድ ጀሪካን ሁለት ሰዓት ብናስብ 128 ሰዓት የሴት ጉልበት። ለሰውነታችንና ለቲሸርታችን። ጀሪካኑን እኔም ለመሸከም ሞከርኩ፣ መንገዱን አንድ አራተኛ ያህል። ወገቤ ሦስት ቀን ታመመ።

ያን ቀን ጠዋት ለቡድኑ ተናገርኩ። ዝም አሉ። አንዱ "ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አለ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱኑ ነበር። ግን እናንተ ራሳችሁ እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ "አትታጠብ" ትላላችሁ? ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ተመደበ፤ ለመታጠቢያ አንድ ኩባያ ከፎጣ ጋር። ወንዶቹ በተራ ጀሪካን መሸከም ጀመሩ። መንደሩ ጉድ አለ። ወንድ ውሃ ሲያዝል አይተው አያውቁም። ልጆቹ ከኋላቸው እየተከተሉ ይስቁ ነበር። በነገራችን ላይ ሽማግሌዎቹ የቡድን መሪያችንን በስሙ መጥራት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አንዱ ክር ሲመዘዝ ሌላውም ይመዘዛል። የምንበላው ማካሮኒ፣ ስኳርና ዘይት ዲመካ ካለ ሱቅ በዱቤ የመጣ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ለእኛ የታረደችው ፍየል የወንጌላዊው ሴት ልጅ ንብረት ነበረች። "ስትሄዱ የፍቅር ስጦታ እንሰጣለን" ብለን በፖስታ ያዘጋጀነው ገንዘብ ዱቤውን እንኳ አይሸፍንም። ከያዝነው ላይ አዋጥተን ሞላነው። እናንተ እንዲህ አድርጉ፦ ከመሄዳችሁ አንድ ወር በፊት ዋጋውን ጠይቁ፣ ቀለባችሁን በሙሉ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ገንዘቡን በደረሳችሁበት ማታ፣ ሰው በሌለበት፣ ለሁለቱም ባልና ሚስት አብረው ባሉበት ስጡ። በመጨረሻው ቀን በጭብጨባ አይደለም። ለጎረቤት ሽማግሌዎች ስጦታ ካሰባችሁ የቡና ገለባና ጨው ይዛችሁ ሂዱ። ፍሬ ቡና ሳይሆን ገለባ፤ የሚጠጡት እሱን ነው።

የመጨረሻው ማታ "ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሡ" ተባለ። 63 እጅ ተቆጠረ። የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ ጻፍነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ እልልታው ቤቱን ነቀነቀው። ከወራት በኋላ በስልክ ወንጌላዊውን ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ፣ "እህቴ፣ እንግዳ እጅ አንሡ ሲል ሐመር እጁን ያነሣል። ሁለት እናቶች ግን እየመጡ ነው" አለኝ። ያ ሪፖርት እስካሁን አልታረመም።

ሌላው የያዝኩት መታሰቢያ ወባ ነው። አጎበር ነበረኝ፣ ከድንኳኑ በላይ ምን ያደርጋል ብዬ አልዘረጋሁትም። ማታ ማታ ደግሞ ጨረቃው ሥር እስከ ሌሊት ውጭ እንቀመጥ ነበር፣ ባጭር እጅጌ። ከተመለስኩ በአሥራ አንደኛው ቀን ቢሮ ተቀምጬ ብርድ አንቀጠቀጠኝ። ጉንፋን ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ክሊኒክ ሄድኩ፣ ታይፎይድ ነው ተባልኩና መድኃኒት ተሰጠኝ። እዚያ ማንም ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም፣ እኔም ከሐመር መምጣቴን አልተናገርኩም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አትተላለፍባትም፣ ስለዚህ ሐኪሙም ቶሎ አያስባትም። በአምስተኛው ቀን እህቴ ታክሲ ውስጥ እያቃዠሁ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። የደም ምርመራው ፋልሲፓረም አለ፣ አደገኛው ዓይነት። ሦስት ቀን ተኛሁ። እማዬ አጠገቤ ሆና "ወንጌል እዚህ ሠፈር የለም እንዴ?" ስትል ነበር።

ስለዚህ ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ። አጎበሩ ድንኳን ውስጥም ቢሆን ይዘርጋ። ሲመሽ ረጅም እጅጌና ካልሲ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት፣ እንዲያውም በወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁ ካርድ ስታወጡ የመጀመሪያ ቃላችሁ "ቆላ ነበርኩ፣ የወባ ምርመራ ይታዘዝልኝ" ይሁን። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ዓይነቱንም ጠይቁ፤ መድኃኒታቸው ይለያያል። ኮአርተም ከታዘዘላችሁ በቀን ሁለቴ ለሦስት ቀን ነው፣ ስድስቱንም ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ሲሻላችሁ አታቋርጡ።

የቀረውን ዕቃ ቶሎ ልበለው። ውሃውን በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፣ መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ኦአርኤስ ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ከረጢት። የራስ ባትሪ፣ እጅ ነጻ ስለሚያደርግ። ጫማ ጠዋት ጠዋት ሳይራገፍ አይደረግም፣ ጊንጥ አለ። እህቶች፣ የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ከበቂ በላይ ያዙ፤ ያገለገለውን ሜዳ ላይ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የመጸዳጃ ቦታ የት እንደሆነ በገባችሁበት ቀን ሴቶቹን ጠይቁ፤ እኛ ሳንጠይቅ የመረጥነው ቁጥቋጦ የሰው መንገድ ነበር። ከቡድኑ ጋር ደግሞ መጣላታችሁ አይቀርም፤ በሙቀት፣ በረሃብ፣ በእንቅልፍ እጦት። እኛም በሻይ ማንቆርቆሪያ ተጣልተን ሁለት ሰው ሦስት ቀን ተኮራርፏል። አስተርጓሚው ሁሉንም አማርኛ እንደሚሰማ አትርሱ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለስኩ። ከመሄዴ በፊት ወንጌላዊውን "መቼ ልምጣ?" አልኩት። ብዙ አሰበ። "አዝመራው ከገባ በኋላ ነይ። ሁለት ሁናችሁ ኑ፣ ከዚያ አትብዙ። ስብከት አለ፤ ባለቤቴ ግን የእናቶችን ቁጠባ መዝገብ መያዝ አቅቷታል፣ ሂሳብ የሚችል ሰው ትፈልጋለች" አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበርና ዝርዝሩ ዝግጁ ነበር።

አንድ ወር ቆየሁ። አንድም ቀን አልሰበክሁም። ጠዋት ከእናቶቹ ጋር ማሽላ እፈጫለሁ፣ እንደ ልጅ ያርሙኛል። ከሰዓት ዛፍ ሥር መዝገብ እንሠራለን፤ መጻፍ የማይችሉት በምልክት፣ ለፍየል አንድ ምልክት፣ ለማር አንድ ምልክት። ማታ ሰው ከመጣ ወንጌላዊው ያስተምራል፣ እኔ ሕፃን አቅፌ እቀመጣለሁ። ሽማግሌው፣ የጅቡ ጥያቄ ባለቤት፣ ሾፎሮ ጠጡና እፍ ብለው መረቁኝ። ፊቴን አልጠረግሁም።

የመጀመሪያው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የወንጌላዊው ባለቤት በድንኳኔ በር ላይ ቆማ "ትመጫለሽ?" አለችኝ። የጀሪካን ማዘያ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ያቺ ሴት ነበረች፣ ጉድጓድ ውስጥ ቆማ። ቀና ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀች። ይህችኛዋን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፤ ሐመርኛ ቁጥር በስልክ ተምሬ ነበር። ዘንድሮ ከብቶቹ ስንት ናቸው ነው ያለችው።

ሁለት ጣቴን አሳየኋት። ቅሉን አቀበለችኝ።